ፊት ሲጣመም መጀመሪያ የት ይኬዳል? ክኒን፣ ወጌሻ፣ ጠበል፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ኦፕሬሽን ሲነጻጸሩ

ጠዋት አፌን ልጉመጠመጥ ውሃ ያዝኩ፣ በግራ በኩል ሾልኮ ቀሚሴን አረሰረሰው። የደነዘዘኝ መስሎኝ ደግሜ ያዝኩ፣ ደግሞ ፈሰሰ። ቀና ብዬ መስታወት ሳይ ግራ ዓይኔ አልጨፈን ብሏል፣ ቅንድቤ ወርዷል፣ ፈገግ ልበል ስል አፌ በሙሉ ወደ ቀኝ ሄደ። እናቴ "ንፋስ ነው የመታሽ፣ ትናንት ታክሲ ውስጥ መስኮት ከፍተሽ ስለመጣሽ ነው" አለች፣ ጎረቤታችን ያሉ እናት "ይሄማ የሰይጣን ጥፊ ነው፣ ጠበል ይሻላል" አሉ፣ አክስቴ ጥሩ ወጌሻ አውቃለሁ አለች፣ ታላቅ ወንድሜ ደሞ ከውጭ ደውሎ ስትሮክ እንዳይሆን ብሎ ቤቱን አሸበረው። በአንድ ጠዋት አራት ሰው አራት መንገድ አሳየኝ፣ እኔም ሁሉንም ሄድኩ፣ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጬ። ወጌሻ ጋ ሁለት ቀን ታሸሁ፣ ከዛ አንድ ክሊኒክ ገባሁ የቫይታሚን መርፌ ወግተው "ቀስ እያለ ይለቅሻል" ብለው ሸኙኝ፣ ትክክለኛውን መድኃኒት ያዘዘልኝ ሐኪም ጋ የደረስኩት በአምስተኛው ቀን ነው። ይሄን ምፅፈው እናንተ ያቺን አምስት ቀን እንዳታባክኗት ነው፣ ምክንያቱም እዚህ በሽታ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከሁሉም በላይ ዋጋ አላቸው። ምርጫው ክኒን ወይስ ጠበል፣ ወጌሻ ወይስ ፊዚዮቴራፒ አይደለም፣ የትኛው ይቅደም ነው።

ስትሮክ ነው ወይስ የፊት ነርቭ ነው?

ምንም ነገር ከመምረጣችሁ በፊት ይሄን ለዩ። ሰውዬውን ቅንድብህን ወደ ላይ አንሳ በሉት፣ ግንባሩን እንዲያጨማድድ። በተጣመመው ጎን ግንባሩ ከተጨማደደና አፉ ብቻ ከወረደ አንጎል ውስጥ ያለ ችግር፣ ማለትም ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ይፈራል። ግንባሩም ዓይኑም አፉም አንድ ላይ ከቆሙ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው የፊት ነርቭ ላይ ነው። ምክንያቱ ግንባራችን ከሁለቱም የአንጎል ጎን ትእዛዝ ስለሚቀበል ነው፣ አንዱ ጎን ሲጎዳ ሌላው ይሸፍንለታል፣ ነርቩ ራሱ ሲጎዳ ግን ሚሸፍንለት የለም። ስለዚ ሲያዩት ይበልጥ ሚያስደነግጠው፣ ግማሽ ፊት ሙሉ በሙሉ የሞተው፣ ብዙ ጊዜ ለሕይወት ያነሰ አደጋ ያለው ነው።

ግን በግንባር ብቻ ተማምናችሁ ቤት እንዳትቀመጡ። እጅ ወይ እግር ከደከመ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ከታየ፣ መራመድ ካቃተ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ካለ፣ ግንባሩ ምንም ይሁን ምን ስትሮክ ነው ብላችሁ ነው ምትሮጡት። የስትሮክ የደም መርጋትን ሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ "እስኪ ይደር" ሚባል ነገር የለም። ኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ አሜሪካ ያላችሁ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ኤምሬትስ 998፣ ሳውዲ 997። ዱባይ ወይ ሪያድ ሰው ቤት ምትሠሩ እህቶቼ ይቺን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ያዟት፣ አሠሪ እስኪመጣ አትጠብቁ።

ነርቩ ከሆነስ፣ ምን መታው?

ሰባተኛው ነርቭ ይባላል፣ ከአንጎል ወጥቶ ከጆሮ ጀርባ ባለ በጣም ጠባብ የአጥንት ቱቦ ውስጥ ያልፍና ፊት ላይ ይበተናል። ፊትን ከማንቀሳቀስ ሌላ እንባ፣ ምራቅ፣ የምላስ የፊተኛው ሁለት ሦስተኛ ጣዕም የሱ ናቸው፣ ጆሮ ውስጥ ኃይለኛ ድምፅ ሚያለዝብ ትንሽ ጡንቻም አለው። ለዛ ነው ወጡ እንጨት እንጨት ያለኝ፣ ለዛ ነው የብረት ድስት ክዳን ሲወድቅ ጆሮዬን የበሳኝ። ነርቩ ሲያብጥ ቱቦው አጥንት ስለሆነ አይሰፋለትም፣ ራሱን በራሱ ያንቃል።

ብዙውን ጊዜ ሚገጥመው ቤልስ ፓልሲ ሚባለው ነው፣ ስሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነርቩን ካጠናው ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ከቻርልስ ቤል የመጣ ነው። በዓመት ከ100,000 ሰው ከ15 እስከ 30 ሚሆነውን ይይዛል፣ ስኳር ያለበት ሰውና እርጉዝ ሴት፣ በተለይ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ ያለች፣ ይበልጥ ይጋለጣሉ። በሰዓታት ውስጥ ይጀምርና ቢበዛ በሦስት ቀን ጫፉ ላይ ይደርሳል። መንስኤው ይሄ ነው ተብሎ የተዘጋ ፋይል አይደለም፣ ዋናው ተጠርጣሪ ግን ከንፈር ላይ ምች ሚያወጣው ቫይረስ ነው፣ ነርቭ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ቆይቶ ሲነቃ ነርቩን ያሳብጠዋል ነው ሚሉት። ይሄን ስሰማ እናቴን አሰብኩ፣ "ምች ነው ንፋስ ነው" እያለች ስትከራከር ሙሉ በሙሉ ከመንገድ አልወጣችም ነበር ማለት ነው። መስኮቱ ግን ጥፋተኛ ነው ሚል ማስረጃ የለም፣ ስለዚ በሙቀት በር ዘግታችሁ አትታፈኑ።

ሁለተኛው ሚያሳስበኝ አልማዝ ባለጭራ ነው። በልጅነት ጉድፍ ያወጣ ሰው ውስጥ ተኝቶ የቆየው ቫይረስ ጆሮ ጋ ሲነሳ፣ ጆሮ ውስጥ ወይ ዙሪያውን ወይ ላንቃ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ፍንጣቂዎች ይወጣሉ፣ ሕመሙ ከባድ ነው፣ ማዞርና የመስማት መቀነስም ሊኖረው ይችላል። ራምሴ ሃንት ይሉታል፣ ዘፋኙ ጀስቲን ቢበር እ.ኤ.አ. በ2022 ግማሽ ፊቱ አልንቀሳቀስ ብሎት ቪዲዮ የለቀቀው በዚህ ነበር። ከቤልስ ፓልሲ ይልቅ ማይለቅ ጉዳት ትቶ የመሄድ ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ፀረ ቫይረስ የግድ አለበት፣ ስለዚ ጆሯችሁን ሰው ባትሪ አብርቶ ይይላችሁ፣ ፀጉር ሥር ሁሉ።

ሌላው በፍጥነት፦ መግል ሚፈሰው ጆሮ ካለ ኢንፌክሽኑ ነርቩን በልቶት ሊሆን ስለሚችል ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ዛሬውኑ ነው። ጭንቅላት ተመቶ ከሆነ ሲቲ ስካን ነው። ሁለቱም ጎን ባንዴ ከሆነ፣ ወይ እግርም እየደከመ ከመጣ ቤልስ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ኤች አይ ቪ አንዳንዴ ገና በጅምሩ በፊት ነርቭ ራሱን ያሳያል፣ ምርመራው ቀላል ስለሆነ አብራችሁ አድርጉት። ቆዳ ላይ ማይሰማ ንጣት ወይ ቦታ ካለና ዓይን ቀስ እያለ መጨፈን ካቃተው የሥጋ ደዌን ማሰብ ያስፈልጋል፣ እኛ ሀገር ገና አልጠፋም፣ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ለዚህ ነው የተቋቋመው። አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ ያላችሁ ወይ ስዊድንና ጀርመን ያላችሁ ደሞ በመዥገር ሚመጣውን ላይም ሚባለውን በሽታ ሐኪሙን ጠይቁ፣ እሱ አንቲባዮቲክ ነው ሚፈልገው፣ ኢትዮጵያ ያለ ዘመድ በስልክ ሊነግራችሁ ማይችለው ነገር ነው። በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየባሰ የመጣ መጣመም፣ ከጆሮ በታች እብጠት ካለው በተለይ፣ ዕጢ እስካልተባለ ድረስ ዝም አይባልም።

ዝም ብሎ መጠበቅ ወይስ ክኒን?

"ራሱ ይለቃል" ሚሉት ሰዎች አይዋሹም። ዴንማርክ ኮፐንሃገን ውስጥ ለ25 ዓመት ያለ ሕክምና ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት ላይ ቤልስ ፓልሲ ከያዛቸው 71 በመቶ ሚሆኑት ሙሉ በሙሉ ድነዋል፣ 85 በመቶው ደግሞ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሆነ እንቅስቃሴ ማሳየት ጀምረዋል። ለዚህ ነው ወጌሻውም፣ ቅጠሉም፣ መርፌው ምናምኑም "አዳነኝ" ሚባለው፣ ከአስር ሰው ሰባቱ ምንም ቢያደርግ ይድን ነበር። ችግሩ የቀሩት ሦስቱ ናቸው፣ አንተ ከየትኛው እንደሆንክ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ማንም አያውቅም። ትንሽ እንቅስቃሴ የቀረለት ሰው ተስፋው በጣም ጥሩ ነው፣ ሙሉ በሙሉ የቆመበት ግን እዛው ጥናት ላይ ሙሉ በሙሉ የዳነው 61 በመቶው ብቻ ነው።

ክኒኑ ፕሬድኒሶሎን ነው፣ ስቴሮይድ፣ የነርቩን እብጠት ሚቀንስ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የስኮትላንድ ጥናት ላይ በ72 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ከጀመሩት ሰዎች መሃል በ9 ወር ሲታይ ፕሬድኒሶሎን የወሰዱት 94.4 በመቶ ድነዋል፣ ያልወሰዱት 81.6 በመቶ። ልዩነቱ ትንሽ ሚመስለው ሰው ካለ በሦስተኛው ወር ላይ ያለውን ይየው፣ የወሰዱት 83 በመቶ፣ ያልወሰዱት 63.6 በመቶ ነው፣ ሦስት ወር ደግሞ ለሠርጓ ለምትዘጋጅ ወይ ደንበኛ ፊት ቆሞ ለሚውል ሰው ረጅም ነው። እኔ ብጠየቅ ለአዋቂ ሰው፣ ሐኪም አይቶት ሚከለክለው ነገር ከሌለው፣ መጠበቅን አልመርጥም። ለልጆች ግን ማስረጃው እንደ አዋቂ የጠነከረ አይደለም፣ ልጆች ደሞ በራሳቸውም በጣም ጥሩ ይድናሉ፣ ስለዚ የሕፃናት ሐኪሙ "እንይ" ቢላችሁ ችላ ብሏችሁ አይደለም።

ስለ መጠኑ ልንገራችሁ ምክንያቱም ሰው ይደነግጣል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ሚያዙት በቀን 50 ሚሊግራም ለ10 ቀን ነው፣ ወይ 60 ሚሊግራም ለ5 ቀን ከዛ በየቀኑ 10 እየቀነሱ። እኛ ሀገር ፋርማሲ ምታገኙት ብዙ ጊዜ ባለ 5 ሚሊግራሙ ስለሆነ በአንድ ጠዋት አስር ወይ አስራ ሁለት ፍሬ መዋጥ ይሆናል፣ እናቴ መዳፌ ላይ ስታየው "ሊገድሉሽ ነው እንዴ" ብላ ግማሹን ልትመልስ ነበር። ስህተት አይደለም፣ አንድ ሁለት ፍሬ ብቻ መውሰድ ነው እንዳልወሰዱ ሚሆነው። ጠዋት ምግብ በልቶ ነው ሚወሰደው፣ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል። ግን ከጎረቤት ተበድሮ ሚዋጥ መድኃኒትም አይደለም፦ ስኳር ይጨምራል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራ ያስቆጣል፣ ተደብቆ ያለ ቲቢን ወይ ሌላ ኢንፌክሽን ሊያነሳ ይችላል። ስኳር ያለባችሁ "አይሆንልኝም" ብላችሁ አትቅሩ፣ ንገሩት፣ ስኳራችሁን በየቀኑ እየለካችሁ ብዙ ጊዜ ይቻላል። እርጉዝም ከሆንሽ ከማኅፀን ሐኪምሽ ጋ አብሮ ሚወሰን ነው።

ፀረ ቫይረስስ? አሳይክሎቪር ብቻውን ለቤልስ ፓልሲ አይጠቅምም፣ እዛው የስኮትላንድ ጥናት ላይ ታይቷል። ከስቴሮይድ ጋ ተደርቦ፣ በተለይ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ለቆመበት ሰው፣ ሐኪም ሊጨምር ይችላል፣ ጥቅሙ ካለ ትንሽ ነው፣ ጉዳቱም ትንሽ ነው። ብራችሁ ለአንዱ ብቻ ሚበቃ ከሆነና ጆሮ ላይ ምንም ፍንጣቂ ከሌለ ስቴሮይዱን ግዙ። የቫይታሚን ቢ መርፌ ደግሞ እኔ የተወጋሁት ነው፣ አልጎዳኝም፣ ግን ስቴሮይድን አይተካም፣ እሱን ተማምኜ ሁለት ቀን ቤት መተኛቴ ነው የጎዳኝ። ሦስት ቀን ካለፋችሁ ደግሞ ተስፋ ቆርጣችሁ አትቅሩ፣ እኔ በአምስተኛው ቀን ታዞልኛል፣ ጥቅሙ በዘገየ ቁጥር ስለሚቀንስ ግን ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

ዓይን፣ ማንም ማይነግራችሁ

ይሄ ክፍል ላይ ነው ምለምናችሁ። ፊት ይመለሳል፣ የዓይን ብሌን ላይ የወጣ ቁስል ግን ጠባሳ ትቶ ማየት ሊቀንስ ይችላል። ዓይኑ አይርገበገብም፣ አይጨፈንም፣ እንባውም ሊቀንስ ይችላል፣ እና ሌሊት ሙሉ ተከፍቶ ያድራል። እኔ ወጌሻም ክሊኒክም ሄጄ አንድ ሰው ስለ ዓይኔ አልጠየቀኝም፣ ራሴ ፋሻ ለጥፌበት ተኛሁ፣ ከፋሻው ሥር ዓይኔ ተከፍቶ ጨርቁ ሲፈትገው አድሮ ጠዋት አሸዋ እንደገባበት ሆነ። የዓይን ሐኪሙ ተጭሯል አለኝ።

ቀን ቀን ጠብታ ይሻላል፣ አርቴፊሻል እንባ ሚባለው፣ ምክንያቱም እይታን አይጋርድም፣ ግን ቶሎ ስለሚደርቅ በየአንድ ሁለት ሰዓቱ መጨመር አለበት። ማታ ደሞ ቅባት ይሻላል፣ ይወፍራል፣ ያደበዝዛል ግን ተኝታችኋል፣ እስከ ንጋት ይቆያል። ከቅባቱ በኋላ የዓይን ቆቡን በጣት ወደ ታች ስባችሁ ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ነው ከላይ በፕላስተር ምትይዙት፣ ዓይኑ ሳይዘጋ ፋሻ መጫን እንደኔ ያደርጋችኋል፣ ብቻችሁን ካቃታችሁ ሰው ያግዛችሁ። የዓይን ቅባት በጠፋበት ከተማ ሐኪሙ ቴትራሳይክሊን ቢያዝላችሁ ደረቅ ከማደር ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ፣ ፋርማሲ ሄዳችሁ "ለቀላ ዓይን" ብላችሁ ዴክሳሜታዞን ሚባል ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ በራሳችሁ እንዳትገዙ፣ ቁስል ካለ ሊያባብሰው ይችላል። ውጭ ስትወጡ ጎኑ ሰፊ የሆነ መነፅር ለአቧራና ለንፋስ፣ ቤት ውስጥ ደሞ በየጊዜው በጣት ጀርባ ቆቡን ወረድ ማድረግ። ካመመ፣ ከቀላ፣ ብርሃን ካስጠላው ወይ እይታ ከደበዘዘ ያንኑ ቀን የዓይን ሐኪም ጋ።

ወጌሻ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ኤሌክትሪክ፣ አኩፓንክቸር

ወጌሻ ማክበር ያደግኩበት ነው፣ አያቴ ወለም ሲላት ሌላ ሰው አታስነካም ነበር። ግን ፊት ላይ የወለቀ ነገር የለም፣ የተጣመመው ጡንቻው ትእዛዝ ስላልደረሰው ነው፣ ስለዚ ወደ ሌላ ጎን መጎተትና መጠምዘዝ ነርቩን አያነቃውም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ መለጠፍ ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል፣ ያውም የማይጨፈን ዓይን አጠገብ።

ፊዚዮቴራፒ ከወጌሻ ሚለየው ቀስ ማለቱ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ምንም ማይንቀሳቀስ ፊት ብዙ ስፖርት አይፈልግም፣ በጣት ቀለል ያለ ማሸት፣ አፍን ማርጠብ፣ ምግብ ጉንጭ ውስጥ ሲጠራቀም በጣት ማውጣት ይበቃል። እንቅስቃሴ መመለስ ሲጀምር ግን ጥሩ ባለሙያ ካገኛችሁ ወርቅ ነው፣ መስታወት ፊት ትንንሽ፣ ዝግ ያለ፣ ሁለቱም ጎን እኩል ሚሆን እንቅስቃሴ ያሠራችኋል። ብዙዎቻችን ሚመስለን ማስቲካ ቀኑን ሙሉ ማኘክ፣ ፊኛ መንፋት፣ በሙሉ ኃይል ፊትን ማጨማደድ ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ነርቭ ሲመለስ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ እያደገ ነው ሚመጣው፣ መንገድ ተሳስቶ የአፍ የነበረው ክር ዓይን ጋ ሊደርስ ይችላል፣ ያኔ ስትስቁ ዓይናችሁ ይጨፈናል፣ በኃይል መሥራት ይሄን የተሳሳተ ልማድ ሊያጠናክረው ይችላል። የምራቅ ክር እንባ ጋ ከደረሰ ደሞ ሰው ሲበላ ያለቅሳል፣ ሐኪሞቹም የአዞ እንባ ነው ሚሉት።

የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ እዚህም እዚያም በብዙ ብር ይሰጣል፣ ጥቅሙን ሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም፣ እንደውም የተሳሳተውን እንቅስቃሴ ያባብሳል ብለው ሚፈሩ አሉ፣ እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም። አኩፓንክቸርም፣ በቀጫጭን መርፌ ቆዳን መውጋት ሚባለው፣ ጥናቶቹ ደካማ ናቸው፣ የአሜሪካ የከአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ላይ አድርጉም አታድርጉም አላለም። አቅሙ ያለው ከክኒኑ በኋላ ቢሞክር አልከለክልም፣ በክኒኑ ምትክ ግን አይሆንም።

ጠበልና ክኒን

እኔ ጠበል ሄጃለሁ፣ አሁንም እሄዳለሁ። ይሄን ምለው ሐኪም ቤትና ጠበል እንደ ጠላት ሲቀርቡ ስለሚያመኝ ነው። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል፣ ለዕድሜ ልክ መድኃኒት ከተባለ ለአስር ቀን ክኒን አይቀርም። ስለዚ ክኒኑን ጠዋት ዋጡና ሂዱ፣ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ ሱባኤ ገብታችሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምትፆሙ ከሆነ ፕሬድኒሶሎን ባዶ ሆድ ላይ ጨጓራ ስለሚያቃጥል ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ የታመመ ሰው እንዲበላ ይፈቅዳሉ፣ ረመዳን ላይ ያላችሁም እንደዛው ለታመመ ፈቃድ አለ። ሁለተኛ ውሃው ያልተጨፈነው ዓይን ውስጥ በኃይል እንዳይገባ በእጃችሁ ዝጉት፣ ስትጨርሱ ጠብታ ጨምሩ። ሦስት ቀን ጠበል ቆይቼ ካልለቀቀኝ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ ምትሉ ደግሞ እባካችሁ ገልብጡት፣ ጠበሉ አራተኛውም ቀን እዛው አለ፣ የክኒኑ 72 ሰዓት ግን ያልፋል።

ኤምአርአይ አሁን ወይስ በኋላ፣ ካልዳነስ

ምልክቱ ቁልጭ ያለ ቤልስ ፓልሲ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ኤምአርአይ አያስፈልግም፣ ያንን ብር ለዓይን ቅባትና ለትራንስፖርት አድርጉት። ሐኪሙ መርምሮ ስትሮክ ወይ ሌላ ነገር ከጠረጠረ ግን ወዲያው ነው። በሦስት ወር ውስጥ ምንም መመለስ ካላሳየ፣ እየባሰ ከሄደ፣ ወይ ያው ጎን ደጋግሞ ከተያዘ ያኔ ምስል መነሳት የግድ ነው፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ወይ ኒውሮሎጂስት፣ ማለትም የነርቭ ሐኪም፣ ጋ ነው ሚኬደው። ስትሄዱ ደረጃዬ ስንት ነው በሏቸው፣ ከ1 እስከ 6 ነው ሚሰጡት፣ 1 ጤነኛ፣ 6 ምንም ማይንቀሳቀስ፣ ቁጥሩን ማስታወሻ ላይ ከያዛችሁት ሁለተኛ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ከዜሮ አትጀምሩም።

ዓይን አፍን እየተከተለ ለሚጨፈንበት ሰው ጡንቻ ሚያላላ ቦቶክስ ሚባል መርፌ አለ፣ በጣም ትንሽ መጠን የተሳሳተው ጡንቻ ላይ ይወጋል፣ ሦስት አራት ወር ይቆይና ይደገማል፣ ከፊዚዮቴራፒ ጋ ሲሆን ነው ሚያምረው። ኦፕሬሽን ብዙ ዓይነት ነው። ዓይኑ አልጨፈን ላለው ሰው ቆቡ ውስጥ አንድ ግራም ገደማ ሚመዝን ትንሽ ወርቅ ወይ ፕላቲነም ያስገባሉ፣ ክብደቱ ቆቡን ይዘጋዋል፣ ከሁሉም ቀላሉና ዓይን ሚያድነው እሱ ነው። ነርቩ ራሱ የተቆረጠበት ሰው ነርቭ ከሌላ ቦታ ሊገናኝለት ይችላል፣ ይሄ ግን ጡንቻው ከመሟሸሹ በፊት፣ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል፣ ስለዚ "እስኪ ሁለት ዓመት ልይ" ማለት በር ይዘጋል። ዓመታት ያለፉት ሰው ደግሞ ከጭን ጡንቻ ተወስዶ ፈገግታ ሚመልስ ትልቅ ኦፕሬሽን አለ፣ ልምድ ያለው ቡድን ነው ሚፈልገው። ለዕድሜ ልክ ይሄው የቀረባቸውም ሥራቸውን ሠርተዋል፣ የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዣን ክሬትየን ከልጅነታቸው ጀምሮ ግማሽ ፊታቸው እንደቆመ ነው ሀገር የመሩት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ እዛው መስኮት ጋ፣ በዛው ብርሃን ቪዲዮ ቅረፁ፦ ቅንድብ አንሱ፣ ዓይን ጨፍኑ፣ ፈገግ በሉ፣ ለማፏጨት ሞክሩ። ሐኪሙ ከምትነግሩት ይልቅ ከሱ ብዙ ያያል። እኔ በአምስተኛው ሳምንት እሁድ የቀረፅኩትን ማታ ከእናቴ ጋ ስናይ እሷ ናት ያቆመችው፣ ወደ ኋላ መለሰችው፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ "ይቺ ከንፈርሽ ነቅነቅ አለች" አለችኝ፣ እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም ነበር።